የማጀቱ ድርሻ፦ ምግብና የቫይረስ ሕመም በቢቸናና በሞጣ

ኩፍኝ አንድ መንደር ሲገባ ልጆቹን ሁሉ እኩል አይጎዳም። አንዱን ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፣ ሽፍታው ወጥቶ ይከስማል፤ ብዙም ሳይቆይ ከእኩዮቹ ጋር ሜዳ ይወርዳል። ሌላውን የሳንባ ምች ይከተለዋል፣ ተቅማጥ ያደርቀዋል፣ ዓይኑን ያጠፋዋል፤ የሚሞትም አለ። ቫይረሱ ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ክትባት መውሰድና አለመውሰድ፣ ዕድሜ፣ የቤቱ መጨናነቅ፣ እንዲሁም ሕመሙ ሲጀምር በልጁ ሰውነት ውስጥ የነበረው ስንቅ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ ያነሰ ይወራለታል፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

ምግብ የሚችለውንና የማይችለውን ከመጀመሪያው መለየት ያስፈልጋል። በደንብ ያደገ ልጅም ካልተከተበ ኩፍኝ ይይዘዋል። ኩፍኝ እጅግ ፈጥነው ከሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ መከላከያ የሌላቸው ሰዎች ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት ከዋሉ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይይዛቸዋል። የምግብ ሥልጣን በዋናነት የሚታየው ከተያዙ በኋላ ነው፦ ሕመሙ ይበርታ ወይስ ይቅለል፣ ሌላ በሽታ ይጎትት ወይስ ብቻውን ያልፍ፣ ልጁ ቶሎ ያገግም ወይስ ለወራት ይክሳ የሚለውን ይወስናል።

ጉዳዩን በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ መመልከት የሚጠቅመው አካባቢው የረሀብ አገር ስላልሆነ ነው። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ማዕከል ናቸው። ከጮቄ ተራራ ሥር እስከ አባይ በረሃ አፋፍ የተዘረጋው ጥቁር አፈር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል፤ የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ሆኖም ይህ ምድር የሚገኝበት የአማራ ክልል በሕፃናት መቀንጨር ለረጅም ጊዜ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የክልሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። በ2019 የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ከመቶ ዝቅ ቢልም ያኔም ከአማካዩ በላይ ነበር። መቀንጨሩ ደግሞ ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ብቻ አልተወሰነም፤ ትርፍ አምራች በሚባሉት የጎጃም ወረዳዎችም በብዛት ይታያል። ጎተራው ሞልቶ ልጁ የሚቀነጭርበት ምክንያት ከቫይረስ በሽታ ክብደት ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከመሶቡ ነው። እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲንም አለው፤ ጤፉ ብረት ይይዛል። ቫይታሚን ኤ ግን ከጤፍም ከሽሮም አይገኝም ማለት ይቻላል። ዚንክ በእህሉ ውስጥ ቢኖርም ፋይቴት የተባለ ውሕድ አሥሮ ስለሚይዘው አንጀት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሊጡን በእርሾ አቡክቶ ለቀናት ማቆየት ፋይቴቱን ስለሚሰባብር፣ የአገራችን ሴቶች ከጥንት ጀምረው የያዙት የእንጀራ አሠራር ከቂጣ ይልቅ ለሰውነት የተሻለ ነው። የጎደለውን የሚሞሉት ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጉበት ናቸው። ጎመን በክረምት ይትረፈረፋል፣ በበጋ ይጠፋል። እንቁላሉና ቅቤው ብዙ ጊዜ ገበያ ወጥተው ጨውና ሳሙና ይሆናሉ። በአባይ በረሃ የሚበቅለው ማንጎና ፓፓያም ደጋ ካለው ማጀት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው።

ቫይረስ ራሱን ችሎ መራባት አይችልም፤ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሕዋሱን መሣሪያ ለራሱ ማዋል አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ በር የሚዘጋው ነው፦ ቆዳ፣ እንዲሁም አፍንጫን፣ የመተንፈሻ ቧንቧን፣ አንጀትንና ዓይንን የሚሸፍነው እርጥብ ስስ ሽፋን። ይህ ሽፋን በየጊዜው ይታደሳል፣ ንፍጥ ያመነጫል፣ የገባውንም ጠራርጎ ያወጣል። የሚታደሰው ደግሞ በቫይታሚን ኤ አማካይነት ነው። ቫይታሚኑ ሲያንስ እርጥቡ ሽፋን ይደርቅና ይሻክራል፤ ቫይረሱ በጎዳው ቦታ ባክቴሪያ ይገባል። በኩፍኝ የተያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ተከትሎ በሚመጣ የሳንባ ምችና ተቅማጥ የሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ የነጭ የደም ሕዋሳት ሠራዊት ነው። ቫይረስ የያዛቸውን ሕዋሳት ለይተው የሚገድሉት ቲ ሕዋሳት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በተባለ ዕጢ ውስጥ ይበስላሉ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ታይመስ ይኮማተራል፤ ሕፃኑ ሲታከምና ሲመገብ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል። እነዚህ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ እጥፍ መባዛት ስላለባቸው ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ፎሌት በብዛት ይፈልጋሉ። እጥረት ባለበት ሰውነት ሠራዊቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዘገየበት ቀን ልክ ቫይረሱ ይራባል።

ምግብ የቫይረስን በሽታ እንዴት እንደሚያከብድና እንደሚያቀል ከኩፍኝና ከቫይታሚን ኤ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆሴፍ ኤሊሰን የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ በኩፍኝ የተኙ 600 ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ ለ300ዎቹ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ዘይት ሰጠ። ዘይቱን ካገኙት 11 ሞቱ፤ ካላገኙት 26። ግኝቱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየ። በ1980ዎቹ አልፍሬድ ሶመር የተባለ ተመራማሪ በኢንዶኔዥያ ቫይታሚን ኤ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በ1990 የታተመው የኬፕታውን ጥናት 189 የኩፍኝ ታማሚ ሕፃናትን አካተተ፤ ቫይታሚኑን ካገኙት 2 ሲሞቱ ካላገኙት 10 ሞቱ። በጥቂት ሳንቲም የሚገኝ እንክብል ይህን ያህል ሕይወት ያተረፈበት ሌላ ታሪክ በሕክምና ውስጥ ብዙ አይገኝም። እንዲህ ያለ ማስረጃ ሃምሳ ዓመት ተቀብሮ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የሞቱትን ልጆች የቆጠረ የለም።

ሂደቱ ሁለት አቅጣጫ አለው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ኩፍኝን ያከብዳል፤ ኩፍኙ ደግሞ በትኩሳቱና በተቅማጡ የተረፈችውን ጥቂት ክምችት አሟጥጦ ይጨርሳል። ከኩፍኝ በፊት በዳፍንት ይቸገር የነበረ፣ ማለትም ሲመሽ ማየት የሚሳነው ልጅ፣ ኩፍኙ ሲጨመርበት የዓይኑ ብሌን በቀናት ውስጥ ሊቆስልና ሊፈርስ ይችላል። ዳፍንት ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል፤ ነገር ግን የሰውነቱ ጎተራ ባዶ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ከ2000ዎቹ ዓመታት በተሰበሰበ አገር አቀፍ የደም ምርመራ ከኢትዮጵያ ሕፃናት 38 ከመቶ ያህሉ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነበረባቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚታደለው እንክብል ይህን ለማቃለል የተጀመረ ነው።

በኩፍኝ ለተያዘ ልጅ የሚሰጠው መጠን ከዚህ የተለየ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ 200 ሺህ፣ ከ6 እስከ 11 ወር ከሆነ 100 ሺህ፣ ከ6 ወር በታች ከሆነ 50 ሺህ ዓለም አቀፍ ዩኒት በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ ዓይኑ ላይ ምልክት ካለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ይጨመራል። ይህ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ቫይታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ ይመርዛል፤ ለነፍሰ ጡር በብዛት ቢሰጥ ፅንሱን ይጎዳል።

ኩፍኝ ሌላም ጥፋት አለው፤ ከዳነ በኋላ እንኳ ልጁን ተጋላጭ አድርጎት ይሄዳል። በ2019 የወጡ ጥናቶች ኩፍኝ ሰውነት ቀደም ሲል በሌሎች በሽታዎች ላይ ያከማቸውን ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 ከመቶ ሊደመስስ እንደሚችል አሳይተዋል። የከሳ ልጅ ከኩፍኝ ተርፎ ከወራት በኋላ በሌላ በሽታ ሲሞት፣ ሞቱ በኩፍኝ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

በአገራችን ረሀብና ኩፍኝ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከሁሉ በጥራት የተመዘገበው በሶማሌ ክልል በጎዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ እስከ 2000 አጋማሽ በነበረው ድርቅ፣ ጥናት በተደረገባቸው 595 ቤተሰቦች ውስጥ 293 ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ 159ኙ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። ከሕፃናቱ ሞት ከአምስቱ አንዱ በላይ በኩፍኝ፣ ብቻውን ወይም ከመክሳት ጋር ተዳምሮ፣ የመጣ ነበር። አብዛኛው ሞት የደረሰው ሰፊው እርዳታ ከመድረሱ በፊት ነው። ሕዝቡ ምግብ ፍለጋ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ቫይረሱም አብሮ ተሰበሰበ። እህል ብቻ ይዞ መድረስ ሳይሆን ክትባትና ቫይታሚን ኤ አብሮ ይዞ መድረስ እንደሚገባ የጎዴ ሞት አስተምሯል።

ረሀብና ወረርሽኝ ከዚህ በፊትም የተገናኙበት ዘመን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰ፣ እርሻው ቆመ፤ ጎጃም ደግሞ ቀድሞ በአፄ ዮሐንስና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጠብ ተጎድቶ ነበር። ረሀቡን ፈንጣጣ፣ ተስቦና ተቅማጥ ተከተሉት። በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ይህ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ጠንካራ ወጣቶችን በብዛት ጨርሷል፤ ጥሩ አመጋገብ ብቻውን ጋሻ እንደማይሆን ምስክር ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ በመተኛቱ ውኃና ምግብ የሚያቀርብ አጥተው ያለቁ ነበሩ። ታማሚን መመገብ ራሱ ሕክምና መሆኑን ያ ኅዳር በመራራ መንገድ አሳይቷል።

ታማሚን የመመገብ ጉዳይ በገጠሩ ቤት ዛሬም ያልተፈታ ነው። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ በጨመረ ቁጥር ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ከ10 እስከ 13 ከመቶ ይጨምራል። በዚያው ሰዓት የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ኩፍኝ ከሆነ አፍ ውስጥ ይቆስላል። ፍላጎቱ ሲጨምር ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ለታመመ ልጅ፣ በተለይም ተቅማጥ ለያዘው፣ ምግብና መጠጥ መቀነስ ይጠቅመዋል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ልጁን ይጎዳዋል። ትክክለኛው ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መስጠት ነው፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ማስጠባቱን ማብዛት፣ ለቆሰለ አፍ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ወተት ወይም በቅቤ የራሰ ለስላሳ ገንፎ ማቅረብ፣ ልጁ ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ መስጠት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልጁ መጫወት ስለጀመረ ብቻ የጠፋውን ክብደት መለሰ ማለት አይደለም፤ ሳይመልስ ሁለተኛ ሕመም ከመጣበት ደረጃው ከፊተኛውም ዝቅ ይላል።

በሮታ ቫይረስ የሚመጣ ተቅማጥም በዚሁ ዙረት ይሄዳል። ቫይረሱ ምግብ የሚመጥጡትን የአንጀት ሕዋሳት ይልጣል፤ ዚንክ ከተቅማጡ ጋር ይወጣል፤ ዚንክ ሲጎድል አንጀቱ ራሱን መጠገን ያቅተዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የሮታ ክትባት ጀምራለች። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ይሰጣል። የዚንክን ኃይል ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የአገራችን ነው። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው በአርሲ ዶዶታ ሲሬ ከ6 እስከ 12 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር ዚንክ ሰጥተው ውጤቱን በ2000 አሳተሙ። ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት 7 ሴንቲ ሜትር ሲረዝሙ ያላገኙት 2.8 ብቻ ረዘሙ፤ ሳል፣ ተቅማጥና ትኩሳትም ቀነሰላቸው። ምግባቸው እንደ ጎጃሙ ሁሉ በእህል ላይ የተመሠረተ ነበር።

የሕፃኑ ስንቅ የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ነው። በአማራ ገጠር ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥና እንገሩን አልቦ መድፋት የቆየ ልማድ ነው። እንገር ግን በፀረ እንግዳ አካል የተሞላ፣ የሕፃኑን አንጀት ከቫይረስ የሚሸፍን የመጀመሪያ መከላከያ ነው፤ ቫይታሚን ኤውም ከኋለኛው ወተት ይበልጣል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ የሚለው ምክር በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት በየቀበሌው ደርሷል። የከበደው ሁለተኛው ክፍል ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ ምግብ ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

የጾሙ ነገርም እዚህ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ አታስጾምም፤ ለታመመም መግደፍ ይፈቀዳል። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ሳይሆን ማጀቱ ውስጥ ነው። በክልሉ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት እናቶች የጾም ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ ስለሚጠነቀቁ በጾም ወራት ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት ሳያዘጋጁ ይቀራሉ። ለሕፃኑ አንድ ማብሰያና አንድ ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ጥንቃቄውንም የልጁንም ጤና ይጠብቃል። ካህናት ይህንን ከመድረክ ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው ከሐኪም ይበልጣል።

ኤች አይ ቪ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ዓመታት ይቆያል፣ ምግቡም ከመድኃኒቱ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። በጅማ በ318 ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀምሩ ለሦስት ወር በቀን 200 ግራም አልሚ ምግብ የተጨመረላቸው ታማሚዎች ሥጋቸውና የእጃቸው ጥንካሬ ተሻሽሏል። ሲበዛ ሁሉም ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። በዳሬሰላም በተደረገ ሌላ ጥናት ቢ፣ ሲ እና ኢ ቫይታሚኖች የኤች አይ ቪን ግስጋሴ ሲያዘገዩ፣ ቫይታሚን ኤ ግን ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ጨምሯል። በኩፍኝ ሕይወት ያተረፈው ንጥረ ነገር በሌላ ቫይረስ ላይ ጎዳ።

አፈሩም ድርሻ አለው። በቻይና ኬሻን አውራጃ ሰሊኒየም የተባለው ማዕድን ከአፈሩ በመጉደሉ የልብ ሕመም ተስፋፍቶ ነበር፤ በበሽታው ውስጥ ኮክሳኪ የተባለ ቫይረስ እጅ ነበረበት። ሜሊንዳ ቤክና ባልደረቦቿ በ1995 ይህን ቫይረስ ሰሊኒየም በጎደላቸው አይጦች ውስጥ ሲያሳልፉት ቫይረሱ ራሱ ተለውጦ፣ ከዚያ በኋላ በደንብ የበሉትንም አይጦች የሚጎዳ ሆኖ አገኙት። የአንዱ እጦት የሌላውን በሽታ ሊያከብድ ይችላል ማለት ነው። በኢትዮጵያም የሰሊኒየም መጠን በጤፉና በስንዴው ውስጥ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ ተረጋግጧል። የጓሮውን ብቻ የሚበላ ገበሬ የአፈሩን ጉድለት አብሮ ይበላል።

በሌላ ጫፍ ያለው ከልክ በላይ መወፈርም ያዳክማል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጎልቶ ታየ፤ ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መግባቱ ከታወጀ በኋላም የስኳር ሕመምና ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በብዛት ለኦክስጅን ሲዳረጉ ታይቷል። የተትረፈረፈ ስብ ሳንባን ያጨናንቃል፣ ሰውነትን በማያቋርጥ ብግነት ውስጥ ያቆያል፤ ከፍ ያለ የደም ስኳርም የነጭ ሕዋሳትን ሥራ ያዳክማል። ዘይትና ስኳር የበዛበት ኑሮ ወደ ሞጣና ቢቸና ከተሞችም እየገባ ነው። በኮቪድ ወቅት ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ጤና አዳም በየቤቱ ሲፈላ ነበር። ትኩስ መጠጡ ጉሮሮ ሊያስታግስ ይችላል፤ ኮቪድን የሚፈውስ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ሰው በዚህ ተማምኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ የቆየበት ቀን ዋጋ አስከፍሏል።

በቢቸናና በሞጣ ማጀት ውስጥ ብዙው መፍትሔ ቀድሞ አለ። ጓሮ ውስጥ በእጣቢ ውኃ የሚጠጣ ጎመንና ዱባ በበጋም ይበቅላል፤ ጎመኑ በዘይት ወይም በቅቤ ሲሠራ ሰውነት ቫይታሚኑን ይበልጥ ይወስዳል። ዶሮዋ ከምትጥለው እንቁላል በሳምንት ሁለት ሦስቱ ለትንሹ ልጅ ቢቀር የገበያው ገቢ ብዙም አይጎድልም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር፣ ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ልጁ ያላገኘው ቤተሰብ ዛሬውኑ ካርዱን አይቶ ይሂድ፤ ልጅ ሲታመምም ምግቡን አይቀንስ፣ ሲያገግምም ይጨምርለት።